ሩጫና ሙዚቃ በአዲስ አበባ ጎዳና

በኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ በሚደረግበት እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ በዘነበወርቅ ታክሲ መሳፈሪያ የቆመ ሰው ከሌላው እሑድ የተለየ ነገር ያያል። ወጣቱም ጎልማሳውም፣ ሴቱም ወንዱም አንድ ዐይነት ካኔተራ ለብሶ ወደ መስቀል አደባባይ ለመሳፈር ይጋፋል። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በውድድር ቀድመው የማያውቁ፣ በዚያም ቀን ለመቅደም ያልተነሡ ናቸው። ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ አንዱ ዘፈን ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ረዳቱም ሒሳቡን እየሰበሰበ ያጨበጭባል። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ሙዚቃው ተጀምሯል ማለት ነው።

ሩጫና ሙዚቃ መቼ ተገናኙ? ብዙ ሰዎች ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው ይላሉ። ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ በ1990 ዓ.ም. «ሮክ ኤንድ ሮል» የተባለ ማራቶን ተቋቁሞ፣ በሩጫው መሥመር ላይ በየርቀቱ መድረክ እየተተከለ ባንዶች ለሯጮች እንዲጫወቱ ተደርጓል። ከዚያም በኋላ ይኸው ዐይነት ውድድር በልዩ ልዩ ከተሞች ተስፋፍቷል። የእኛው ታላቁ ሩጫ የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከቀን አቆጣጠር አንጻር ብቻ ቢታይ ተከታዮች እንመስላለን። ይሁን እንጂ ነገሩን ከዚህ ራቅ ብሎ መመርመር የሚገባ ይመስለናል። መድረኩና የድምፅ ማጉያው ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ በጎዳና ላይ በሙዚቃ መንቀሳቀስ ግን በዚህች ከተማ እንግዳ አልነበረም።

ምርመራችንን ከዘነበወርቅ ብንጀምር ለታሪኩ የቀረበ ይሆናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወጣትነታቸው ካረፉት ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን፣ ስሙን ወደ ሰፈሩ ያመጣው በልዕልቲቱ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በዚያ ዘመን ቦታው ከከተማው ውጭ ነበረ። ሕሙማኑ ከየአውራጃው ለሕክምና እየመጡ፣ ከዳኑም በኋላ የትውልድ መንደራቸው ስለማይቀበላቸው፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ቀሩ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአጭሩ አለርት የምንለው፣ ተቋቋመ። ዛሬ ከተማው አልፎት ሄዷል፤ ትናንት ዳር የነበረው ዛሬ የመንገድ መጋጠሚያ ሆኗል።

ይህ ከሙዚቃና ከሩጫ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገናኘው ላሊበላ ነው። ላሊበላ ስንል ከተማውንም ንጉሡንም ማለታችን አይደለም፤ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ በየደጃፉ የሚያዜሙትን ሰዎች ማለታችን ነው። በአንዳንድ አገር ሐሚናም ይሏቸዋል። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ይመጣሉ፤ አንደኛው የባለቤቱን ስም እየጠራ ሲያወድስ ሌላኛው በዜማ ይቀበላል። ከምጽዋቱ በኋላ ምርቃት ይሰጣሉ፣ የዘገየባቸውንም ቤት በነገር ጠቅ ማድረግ ያውቁበታል። ስለ እነርሱ ከጥንት ሲወራ የኖረው እምነት እንዲህ የሚል ነው፦ የዘር ግዴታ ስላለባቸው ሳያዜሙ የቀሩ እንደ ሆነ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል። ስለዚህም ሀብት ያለው እንኳ ቢሆን በዓመት ጥቂት ቀን ተደብቆ ሳያዜም አይቀርም ይባል ነበር።

እንደሚታወቀው በሽታው በዘር ግዴታ የሚመጣ አይደለም። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1865 ዓ.ም. የበሽታውን ምክንያት የሆነችውን ረቂቅ ተሐዋሲ ካገኘ ወዲህ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ሕሙማን በመድኀኒት ይድናሉ። የላሊበሎቹ እምነት ግን ሳይንሱ ከሻረው በኋላም ለታሪክ ጸሐፊ አንድ ነገር ይነግረዋል። ይኸውም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በማለዳ እየተጓዘ የሚያዜም ሰው ማርሹ ባንድ ከመምጣቱ በፊት የነበረ መሆኑን፣ መጓዙና ማዜሙም አንድ ሥራ ሆኖ ከአካል ጤንነት ጋር ተቆራኝቶ ይታሰብ እንደ ነበረ ነው። ያዜመ እግሩ ይጸናል፤ ዝም ያለ ግን እግሩንና ጣቱን ያጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለ ሩጫና ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ የውጭ አገር ሊቃውንት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ቢሆን ኖሮ በመጽሐፋቸው መጀመሪያ ላይ ባሰፈሩት ነበር።

ከላሊበሎቹ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንለፍ። በአገራችን ሠራዊት ያለ ሙዚቃ አይንቀሳቀስም ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ መለከትና እምቢልታ ይነፋል፣ አዝማሪው ከጦሩ ጋር እየተጓዘ ጀግናውን ያወድሳል፣ ፈሪውንም ያሳፍራል። የነጋሪቱ ቁጥር እንደ ሹሙ ማዕርግ ስለ ነበረ፣ ሰው የሚመጣውን ሳያይ በጆሮው ብቻ ማንነቱን ለመገመት ይችል ነበር። ነጋሪት ለዐዋጅም ያገለግል ስለ ነበር፣ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ ማውጫ ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። በቢሮ ውስጥ ያን ጋዜጣ በየዕለቱ የምንገልጥ ሰዎች ከበሮ እያገላበጥን መሆናችን ትዝ የሚለን ስንት ጊዜ ይሆን?

እምቢልታ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው መሣሪያ ነው። አንዱ እምቢልታ ከአንድ ወይም ከሁለት የበለጠ ድምፅ ስለማያወጣ፣ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ካልነፉት ዜማ አይሆንም። አንዱ ነፊ ቢደክመው ወይም ከሰልፉ ወደ ኋላ ቢቀር ዜማው ይሰበራል። እንግዲህ እምቢልታ እየተጓዙ የሚነፉት፣ አብረው እንዲጓዙም የሚያስገድድ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ እርምጃ እንዲሄዱ ማድረግ የውጭ አገር መኰንኖች ያስተማሩን ነገር ብቻ ነው የሚሉትን ሰዎች እምቢልታው ይመልስላቸዋል።

የነሐስ መሣሪያ ግን በእርግጥ የመጣው ከውጭ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሞስኮብ ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላ ለዐፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያ ልከው፣ በቤተ መንግሥት የማርሽ ሙዚቃ መሰማት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ታላቁ ምዕራፍ የአርባ ልጆች ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመኖች ገዳም ውስጥ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ደስ ስላላቸውም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በጳጉሜን፣ ከተማው ደረሱ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። የወንድሙ ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ በከተማው ያሉትን ኦርኬስትራዎች እየተዘዋወረ አሠልጥኗል። ወላጆቻቸውን በግፍ ያጡ ልጆች ለሌላ ሕዝብ የደስታ ዜማ ይዘው መምጣታቸው በአጭሩ የሚታለፍ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የጽሑፋችን መንገድ ወደ ሌላ ስለሚወስደን በዚህ እንተወዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ከአርባዎቹ የተጀመረው የነሐስ ሙዚቃ ከሁሉ ይልቅ የጎለበተው በክቡር ዘበኛ ነው። የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ማርሽ ብቻ የሚያሰማ አልነበረም፤ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና በኋላም ማሕሙድ አሕመድን ያፈራ ቤት ነው። ሯጩ ከዚያው ቤት መውጣቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ለሩጫ ያሠለጠነው፣ ዋሚ ቢራቱና ማሞ ወልዴም የሮጡት በዚሁ የጦር ሠራዊት ዓለም ውስጥ ነው። እንግዲህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ደመወዝ መዝገብ ላይ፣ በአንድ ዐይነት የደንብ ልብስ፣ የአገሪቱ ምርጥ እግርና ምርጥ ድምፅ ተጽፈው ነበር ማለት ነው። እግሩና ድምፁ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ግን በአንድ ጎዳና ላይ አብረው አልወጡም። ይህ ለእኛ ከሁሉ የሚያስደንቅ ሆኖ ይታየናል።

የሮማን ሩጫ አስቡት። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለ ነበረ፣ ሯጮቹ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ሲያልፉ ጨለማ ሆነ፤ መንገዱን የሚያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አበበ ባዶ እግሩን ነበር። ከአክሱም ተወስዶ በሮማ በቆመው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ተለየ፤ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥርም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሐውልቱን የወሰደው የፋሺስት መንግሥት ለሠራዊቱ ብዙ መለከት አስነፍቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በዚያ ምሽት ግን አሸናፊው ጫማ ስላልነበረው የእርምጃው ድምፅ እንኳ ጎልቶ አይሰማም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አዲስ አበባ እንቁጣጣሽ ነበርና ልጃገረዶች እንደየዓመቱ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ዞሩ። ሙዚቃው ለበዓሉ እንጂ ለሯጩ አልታሰበም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ የበለጠ የአቀባበል ዜማ ማን ሊያዘጋጅለት ይችል ነበር?

ሦስት ወር ጥቂት እንዳለፈ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር መጣ። መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው ክቡር ዘበኛ ስለ ነበረ፣ ጦሩ ተበተነ፤ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ያ ቤት ኋላ እንደገና ቢደራጅም እንደ ቀድሞው አልሆነም። የሩጫው ታሪክ ግን አልቆመም፤ አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ካገገመ በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴ ደግሞ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሦስተኛውን የማራቶን ድል ለኢትዮጵያ አመጣ። ይህን ሁሉ ተማሪዎች ያውቁታልና አናስረዝመውም።

ከ1967 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. ስለ ነበረው ዘመን ግን ጥቂት ማለት አለብን፤ ምክንያቱም ሕዝብና ሙዚቃ በዋናው አደባባይ ላይ በብዛት የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር። በየዓመቱ በመስከረም የአብዮት በዓል ሲከበር ማርሽ ባንድ ይነፋል፣ ሕዝቡም በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተሰልፎ ያልፋል። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። በዚያ ዘመን ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ከሌሊት ጀምሮ መቆሙን፣ የእግሩን ሕመምና የመለከቱን ድምፅ አንድ ላይ ያስታውሳል። ሙዚቃው መጥፎ አልነበረም፤ ከነፊዎቹም ብዙዎቹ የኔርሴስ የእጅ ሥራ የነበሩ ኦርኬስትራዎች ወራሾች ናቸው። ጉድለቱ እግሩ የራስ አለመሆኑ ነበር።

ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በዚያው አደባባይ የሆነውን ከዚህ አጠገብ አስቀምጠን ብናየው ትርጉሙ ይገለጥልናል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን በዐይን ጥቅሻ ያህል ቀድሞ ካሸነፈ በኋላ፣ በአገሩ ለሁሉ ሰው የሚሆን የጎዳና ሩጫ ይቋቋም የሚለው ሐሳብ ከወዳጆቹ ጋር ተመከረበት። ምሳሌ የሆነው ብሬንዳን ፎስተር በ1973 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል የመሠረተው የሰሜኑ ታላቅ ሩጫ ነበር። ሪቻርድ ኔሩካር የተባለው የእንግሊዝ የማራቶን ሯጭ አዲስ አበባ መጥቶ ዝግጅቱን መራ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ተሳታፊው 10 ሺህ ሰው ሆነ። የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው። ደጋሹ ራሱ መጀመሪያ መግባቱ በሌላ አገር ቢሆን ያስተዛዝብ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ደስታውን አበዛው እንጂ ማንም ቅር አላለውም። በኋለኞቹ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል።

እዚህ ላይ ማንም ስም አልጠራም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ካኔተራውን ተቀብሎ፣ በራሱ እግር መጣ። በመንገዱ ዳር ማርሽ ባንድ ቆሞ ይነፋል፤ በሌላው ስፍራ መድረክ ላይ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ ከዚያም አልፎ የድምፅ ማጉያ ብቻ የተተከለበት አለ። ሯጩ ከባንዱ አጠገብ ሲደርስ መሮጡን ትቶ ይቆማል፣ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል፣ ከዚያም ሩጫውን ይቀጥላል። በውጭ አገር ባንዱ የሚቆመው ሯጩን ለማፍጠን ነው፤ በእኛ ከተማ ግን ያዘገየዋል። ይህን ስንጽፍ ነቀፌታ አይደለም። በፊት የተሰለፉት ብርቱዎች ያለ ማንም ሙዚቃ ይፈጥናሉ፤ ድሪባ መርጋ በ1999 ዓ.ም. ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፈው በዚህ ከፍታ 10 ኪሎ ሜትሩን በ28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ከኋላው ያለው ሕዝብ ገና የመጀመሪያውን ጭፈራ አልጨረሰም ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ የሚያለከልከው ሯጩ ብቻ አለመሆኑንም ልብ እንበል፤ ጥሩምባ የሚነፋውም ሰው ያንኑ ቀጭን አየር ይተነፍሳል፣ የእርሱን ሰዓት ግን የሚይዝለት ዳኛ የለም።

ሕዝቡ ራሱ የሚያወጣው ዘፈንም አለ። በመንደር ልጆች፣ በመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ በእግር ኳስ ደጋፊዎች እየተከፋፈለ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይሄዳል። አገር በተጨነቀባቸው ዓመታት ከዘፈኑ መካከል የፖለቲካ ስሜት ያለበት ቃል ሲሰማ ቆይቷል፤ አዘጋጆቹም ሩጫው የፖለቲካ መልእክት እንዳይተላለፍበት በየጊዜው ሲያሳስቡ ተሰምተዋል። እኛ በዚህ አንደነቅም። አዝማሪው ከጦሩ ጋር ሲጓዝ ንጉሡን ያወድስ ነበር፣ ሰም አድርጎ ወርቁን ግን ለራሱ ያስቀር ነበር። ብዙ ሺህ ሰው በገዛ ፈቃዱ በአንድ ጎዳና ላይ ከወጣ በልቡ ያለው በአፉ መውጣቱ አይቀርም። ተቀባይ የሌለው ዘፈን ብዙ ርቀት እንደማይሄድም ሯጮቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ሙዚቃ ሯጭን በእርግጥ ይረዳዋልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉ ሊቃውንት አሉ። በለንደን በብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኮስታስ ካራጌዎርጊስ ነገሩን ለብዙ ዓመት መርምሮ፣ ቀለል ባለና በመካከለኛ ሩጫ ጊዜ ሙዚቃ ድካምን እንደሚያስረሳ፣ ኀይል ሁሉ በሚፈስበት ከባድ ሩጫ ጊዜ ግን አእምሮ ወደ ሰውነቱ ሕመም ስለሚሳብ ሙዚቃው ድካምን የማስረሳት ጉልበቱ እንደሚቀንስ ጽፏል። የሚመክረውም በደቂቃ ከ120 እስከ 140 የሚመታ ዜማ ነው። ይኸው ሰው ባማከረበት ዝግጅት በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ በለንደን በግሪኒች አካባቢ የግማሽ ማራቶን ሩጫ በሙዚቃ ታጅቦ ተደርጓል።

በዚህ ምርመራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለምሳሌ የሚጠቀሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ኃይሌ የካቲት 8 ቀን 1990 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም በቤት ውስጥ በተደረገ የ2 ሺህ ሜትር ሩጫ በ4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ86 የሰከንድ መቶኛ ክብረ ወሰን ሲያሻሽል፣ በአዳራሹ የስካትማን ጆን ፈጣን ዘፈን እንዲሰማ አስደርጎ በምቱ እርምጃውን አስተካክሎ ነበር። ከዚያም ጥር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ በአሪዞና፣ ከላይ የጠቀስነው ባለ ባንዱ የሩጫ ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር ላይ፣ ግማሽ ማራቶኑን በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆነ። በመንገዱም 20 ኪሎ ሜትሩን በ55 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ አልፏል። እንግዲህ ሙዚቃ የታጀበበት ሩጫ ከአሜሪካ ወደ እኛ መጣ የሚለው ወሬ ሙሉ እንዲሆን፣ የእኛም ሰው ወደዚያ ሄዶ ትልቁን ሰዓት ያስመዘገበው በዚያው ሩጫ ላይ መሆኑ አብሮ መነገር አለበት።

የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ተወዳዳሪው በራሱ ጆሮ የሚያደምጠውን የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ እንዳይሮጥ ይከለክላል፤ እርዳታ ነው ብሎ ይቈጥረዋልና። በመንገድ ዳር የቆመ ባንድ ግን ለሁሉም እኩል ስለሚነፋ አይከለከልም። ይህ ልዩነት ፍትሕ ያለው ይመስለናል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ቅሬታችንን ብንናገር፦ ከዓመት ወደ ዓመት ድምፅ ማጉያው እየበዛ መለከት ነፊው እንዳይጠፋ እንሠጋለን። ድምፅ ማጉያ ሯጩን አያየውም፤ የደከመች እናት ስታልፍ ምቱን አያዘገይላትም፤ ወጣቶች ሲመጡም አያፈጥንም። ሕያው ሙዚቀኛ ግን ዐይን አለው። ደግሞም የአገራችን ችክችካ በስድስት እየተቈጠረ በሁለት የሚረግጥ ምት ስለ ሆነ፣ ለግራና ለቀኝ እግር እንደ ማርሹ ይስማማል፤ ነገር ግን በሁለቱ እርምጃ መካከል የትከሻ ቦታ ይተዋል። ባንዶቹ ይህን የበለጠ ቢጠቀሙበት እንወድ ነበር።

ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ከሽባነት በኋላ መሮጡን ተወ እንጂ መወዳደሩን አልተወም፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተካፍሏል። በአለርት ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማ የሚሠራበት ክፍል አለ። በሽታው የእግርን ስሜት ስለሚገድል፣ ሕመምተኛው እሾህና ጠጠር ሲወጋው አያውቅም፤ እግሩን የሚያጣውም ከበሽታው ይልቅ ባላወቀው ቁስል ነው። ስለዚህም ለስላሳ ጎማ ያለው ጫማ ይሰፋለታል። በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ ጫማ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀ እግር ነበረ፤ ያለ ጫማ አንድ ሰፈር እንኳ ቢሻገር የሚጠፋ እግርም አለ። የሩጫውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመጀመሪያውን እግር ብቻ ያስታውሳሉ።

የታላቁ ሩጫ መንገድ በመሐል ከተማ የሚዞር እንጂ ዘነበወርቅን የሚነካ አይደለም። ባንዱ ወደዚህ አይመጣም። ሰፈሩ የሚሰማው ሙዚቃ ታክሲዎቹ ከቀትር በፊት ሲመለሱ በመስኮታቸው የሚወጣው ነው። የወረዱት ሰዎች ሜዳሊያቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ዘግቶ፣ ላባቸው በካኔተራው ላይ ጨው ሠርቶ በየጉልቱ ያልፋሉ። ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ማን ቀደመ ብለው ይጠይቋቸዋል፤ አብዛኞቹም አያውቁም። ካኔተራው ግን ወዲያው አይጣልም። በማግሥቱ በሥራ ቦታ ይለበሳል፣ በክረምት ከሹራብ ሥር ይገባል፣ ሲያረጅ ለግንበኛውና ለተሸካሚው ይተላለፋል። ቀለሙ በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ በዚህ ሰፈር መንገድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው የሩጫውን ዓመታት በሰው ጀርባ ላይ ለመቁጠር ይችላል።